የሲክሊዶቼ ጠብ አልበርድ አለ፤ ቀለም ያላቸው ምን ዓይነት ጓደኞች ልጨምርላቸው?

የሳቢያን ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም የድሬና የሐረር ዓሣ ወዳዶች፣ እንዴት ናችሁ አቦ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

የምኖረው ሳቢያን ነው። ሳሎን ውስጥ 120 በ45 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም አለኝ። ከነዓሦቹ የገዛሁት ከድሬ ከሚዛወር ሰው ነው። አሁን ስድስት ዓሦች አሉ። አንዱ ትልቅ ቢጫ ነው፤ ጎኑ ላይ ደብዘዝ ያሉ ቋሚ መስመሮች አሉት። ሁለቱ ጥርት ያሉ ቢጫዎች ናቸው፤ የጀርባ ክንፋቸው ላይ ጥቁር መስመር አለ። ሁለቱ ብርቱካናማ ናቸው። የቀረው አንዱ ጠቆር ያለ ነው፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ የሚሄድ ነጣ ያለ መስመር አለው። ሻጩ «የአፍሪካ ሲክሊድ ናቸው» ከማለት ሌላ የነገረኝ የለም።

ችግሩ ትልቁ ቢጫ ነው። ሁለቱን ቢጫዎች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቸው። የአንዱ ጅራት ተበጣጥሷል፤ ቀኑን ሙሉ ከፊልተሩ ኋላ ተለጥፎ ይውላል። ብርቱካናማዎቹን ግን ያን ያህል አይነካም። ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም።

ቤተሰቡ ቀለም ይብዛ ይላል። ልጆቹ ጎልድፊሽ አምጣልን እያሉ ነው። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ኃይለኛ ከሆኑማ እኩያቸውን አምጣባቸው፤ ኦስካርና ጃክ ዴምፕሲ ጨምር» አለኝ። ሌላው ቆሮሶ በትንሹ ብታሳድግስ አለ።

ውስጡ ጠጠር፣ ሁለት ድንጋይና አንድ የፕላስቲክ መርከብ አለ። ፊልተሩ አንድ ነው፤ ውስጥ የሚገባው ዓይነት። ውሃው የቧንቧ ነው፤ በርሜል ውስጥ አሳድሬ ነው የምጠቀመው። የምሰጣቸው ደረቅ ምግብ ነው፤ አልፎ አልፎ የተፈጨ ሥጋ። ማንን ልጨምር? ማንንስ ላውጣ?

የከዚራዋ

ወንድሜ፣ ግራ ያጋባህ ነገር መልሱ ቀለሙ ላይ ነው። እንደ ነገርከን ከሆነ ትልቁ ቢጫ ወንድ ኬንዪ ነው። ኬንዪ ትንሽ ሳለ ወንዱም ሴቷም ሰማያዊ ናቸው። ወንዱ ሲጎለምስ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሴቷ በሰማያዊነቷ ትቀራለች። ጥርት ያሉት ቢጫዎች የሎ ላብ ይባላሉ። ከዚህ ዘር ውስጥ ረጋ ያሉት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ አስበው። ወንድ ኬንዪ ቢጫ ዓሣ አጠገቡ ሲያይ ሌላ ወንድ ኬንዪ ቦታውን ሊቀማው የመጣ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ያሳድደዋል። ብርቱካናማዎቹ ሬድ ዚብራ ይመስሉኛል። ፋታ የሚያገኙት ቀለማቸው ከሱ ጋር ስለማይመሳሰል ነው። ባለ ረጅም መስመሩ ጥቁር ደግሞ ወንድ አውራተስ ነው። እሱም የዋዛ አይደለም። አሁን ዝም ያለው ኬንዪው ስለሚበልጠው ይሆናል። ኬንዪውን ስታወጣ እሱ ይነሳብሃል፤ ሁለቱን አብረህ ሸኛቸው።

ዓሣ ስትጨምር መጀመሪያ የምታየው ውስጥ ያሉት ምን ቀለም እንዳላቸው ይሁን። ቢጫ ካለህ ሌላ ዘር ቢጫ አትጨምር። ሰማያዊ ባለ ቋሚ መስመር ካለህ ሌላ ባለ ቋሚ መስመር አታምጣ። የመስመሩ አቀማመጥም እንደ ቀለሙ ያጣላል።

ጎልድፊሹን ልጆቹ ቢያለቅሱም እንዳታስገባ። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ነው የሚስማማው፤ ዋናውም ዘገምተኛ ነው። በማግስቱ ልጆቹ የሚያዩት ክንፉ የተነጨ ዓሣ ነው።

ባለ ባጃጁ

ጋፒ የሚባለው ትንሹ ዓሣስ? ርካሽ ነው፤ ቀለሙም ያምራል።

የከዚራዋ

ጋፒ ለነሱ ምግብ ነው ወንድሜ። አንድም አይተርፍም።

የባቡር ጡረተኛ

ልጄ፣ የወዳጅህን የኦስካር ምክር ተወው። ኦስካር ከአማዞን ተፋሰስ ነው። ጃክ ዴምፕሲ ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ያንተዎቹ ሁሉም ከማላዊ ሐይቅ ናቸው፤ ዳር ዳሩን ድንጋይ ለድንጋይ የሚኖሩት፣ ኤምቡና የሚባሉት። ኃይለኛ መሆናቸው ብቻ ጎረቤት አያደርጋቸውም። ኦስካር ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ሥጋና ነፍሳት በል ነው። ኤምቡና ደግሞ ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ የሚኖር ነው። ለአንዱ የሚስማማው ምግብ ሌላውን ያሳምማል። የተፈጨ ሥጋውን ዛሬውኑ አቁም። ኤምቡና ሥጋ ሲደጋገምበት ሆዱ ይነፋል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር ያንጠለጥላል። እዚያ ከደረሰ የሚድነው ጥቂቱ ነው። ስፒሩሊና የሚባለው አልጌ ያለበት ደረቅ ምግብ ፈልግ። በመሃል የተቀቀለ አተር ቆዳውን ልጠህ፣ ወይም ቆስጣ በፈላ ውሃ ነከር አድርገህ ስጣቸው።

ቆሮሶም ያው የሲክሊድ ቤተሰብ ነው። ግን የሐይቅና የኩሬ ዓሣ ነው፤ ያንተ መስታወት ሳይቆይ ይጠበዋል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ፤ ትልቁ ነገር እሱ ነውና። ማንቆርቆሪያህን ገልብጠህ ውስጡን እየው። ያ ነጭ ቅርፊት ኖራ ነው። ውሃችን ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፤ አካባቢያችን የኖራ ድንጋይ አገር ነው። ማንቆርቆሪያችንን የሚያበላሸው ይህ ውሃ ለማላዊ ዓሣ ሠርግና ምላሽ ነው። የሐይቃቸው ውሃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ከ7.7 እስከ 8.6 ይደርሳል። ሌላ ቦታ ያለ ሰው ማዕድን እየገዛ የሚጨምረውን አንተ ከቧንቧ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ድሬ ላይ ሆኖ ለስላሳ፣ ማለትም ኖራ ያነሰበት ውሃ የሚወድ ዓሣ ከማስታመም ውሃው የሚወደውን ዓሣ ማርባት ይሻላል።

ግን መዘዝም አለው። ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣው አሞኒያ ፒኤች ከፍ ሲል መርዝነቱ ይጨምራል። ሙቀት ሲጨምርም እንዲሁ። እኛ ጋ ሁለቱም አሉ። ሌላ ቦታ ዓሣን ትንሽ የሚያደክም አሞኒያ እዚህ ይገድላል። ፊልተሩ ውስጥ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ አዲስ ፊልተር እነሱን እስኪያፈራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ያንተው የቆየ ስለሆነ እሱ ላይ እድለኛ ነህ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ እንዳታጥበው፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጅልሃል። ውሃ ስትቀይር ከአኳሪየሙ በባልዲ በቀዳኸው ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው፤ ይበቃል።

ከጀጎል

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ ምርጫው ላይ ትንሽ እለያለሁ። ቀለም ነው የምትፈልገው አይደል? እንግዲያው ኬንዪውንም አውራተሱንም ሬድ ዚብራውንም ሸኝና ወደ ፒኮክ ዙር። ፒኮክም የማላዊ ነው፤ ውሃህ ይስማማዋል። ወንዶቹ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ እያሉ ይመጣሉ። ጠባቸው ከኤምቡና በብዙ ይሻላል። ወንዶች ብቻ፣ እያንዳንዱ የተለየ ቀለም አድርገህ ታስገባለህ። ሴት ካለች ግን ጠብ ትጀምራለህ፤ ሴቶቹ ደግሞ ግራጫ ስለሆኑ ለዓይንም ብዙ አይደሉም። የሎ ላቦቹ ከፒኮክ ጋር ይኖራሉ። ከኬንዪና ከአውራተስ ጋር ግን ፒኮክ አይታሰብ፤ ተደብድቦ ቀለሙን ያጣል። የፈራ ፒኮክ ግራጫ ነው የሚሆነው።

ሐረር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሂተር የግድ ነው፤ እኔ 25 ዲግሪ ላይ ነው የማደርገው። አንተ ጋ ተቃራኒው ነው የሚያስፈራው።

ለገሃር 24

አቦ ከጀጎል፣ ሰውየው ኤምቡና ነው ያለው፤ ለምን አዲስ ዓሣ በአዲስ ገንዘብ ይግዛ? ኤምቡና ራሱ በቀለም የሚታማ አይደለም።

እኔ የምመክርህ ዘሩን ቀንስና ቁጥሩን ጨምር ነው። አሁን ጠቡ የባሰው ዓሦቹ ጥቂት ስለሆኑ ነው። አንድ ኃይለኛ፣ አንድ ተደብዳቢ። ሲበዙ ያሳደደው ሳይደርስበት ሌላ መንገድ ላይ ይገባል፤ ዱላው ይከፋፈላል። ለአንድ ወንድ ከ3 እስከ 4 ሴት አድርግ። ሴት ሲያንስ ያችኑ አንዷን እያሳደደ ይጨርሳታል። 270 ሊትር ነው ያለህ፤ 20 ዓሣ ይይዛል። ፊልተር ግን ሁለት ይሁን።

ከጀጎል

መብራት ሲሄድስ? 20 ዓሣ፣ በግንቦት የድሬ ሙቀት፣ ፊልተሩ ቆሞ? ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። ዓሣው ደግሞ በሙቀት የበለጠ ይተነፍሳል። ጠቡን በብዛት አበርዳለሁ ብሎ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ሁሉም ተንሳፍፈው እንዳያገኛቸው።

ለገሃር 24

እሱስ እውነት ነው። በባትሪ የሚሠራ ኤር ፓምፕ ይያዝ። መብራት ከሄደ ምግብ አይስጥ፤ የበላ ዓሣ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ያቆሽሻልም። ኤር ፓምፕ ከሌለ በጣሳ ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው። ፊልተሩ ብዙ ሰዓት ከቆመ ደግሞ መብራት እንደመጣ ዝም ብሎ አይሰካው። ውስጡ የታፈነው ውሃ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ ስፖንጁን በአኳሪየሙ ውሃ አለቅልቆ ነው። ለሙቀቱም ክዳኑን ከፍቶ ቬንትሌተር ውሃው ላይ ማዞር ጥሩ ነው፤ ትነቱ ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል።

የባቡር ጡረተኛ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እኔ ለድሬ 20 አልልም፤ 14 ወይም 15 ይበቃል። የተነነውን ውሃ እየሞላህ ብቻ እንዳትቀመጥ ልጄ። ሲተን ኖራው ይቀራል፤ ውሃው እየከበደ ይሄዳል። በየሳምንቱ ሲሶውን ቀድተህ አውጣና ያደረ ውሃ ጨምር።

የሳቢያን ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ማንቆርቆሪያውን አየሁት፤ እንዳሉት ነው። ሥጋውን አቁሜያለሁ።

በኤምቡናው ልቀጥል ወስኛለሁ። ጥያቄዬ፣ አሁን ከየሎ ላቦቹ ጋር የሚሄዱ ቀለሞች የትኞቹ ናቸው? ደግሞ ኬንዪውን ምን ላድርገው? ለማንም ባይሆን ሐረማያ ሐይቅ ወስጄ ብለቀውስ? ድንጋይስ ከደቻቱ አሸዋ ላይ ባመጣ ችግር አለው?

የከዚራዋ

ሐረማያ እንዳትለቀው፣ በናትህ። ያ ሐይቅ ደርቆ የኖረና ተመልሶ ውሃ የያዘ ነው። የሌላ አገር ዓሣና የአኳሪየም በሽታ መጨመር አይገባንም። የትኛውም ወንዝና ሐይቅ ላይ የቤት ዓሣ አይለቀቅም። የሚወስድ ሰው እስክናገኝ መሃል ላይ መከለያ አድርግለት። ጅራቱ የተበጣጠሰውን ደግሞ ሰፋ ባለ የፕላስቲክ ሳፋ ለብቻው አድርገው፤ ኤር ፓምፕ ይኑረው፣ ላዩን በመረብ ሸፍነው፣ ውሃውን በየቀኑ በከፊል ቀይርለት። ንጹሕ ውሃ ካገኘና የሚነክሰው ከሌለ ጅራቱ ተመልሶ ይበቅላል። ጫፉ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ካየህ ግን ቶሎ ጻፍልን።

ወደ ቀለሙ ስንመጣ፣ የሎ ላቡን መሠረት አድርገው። አምስት ይሁኑ። እሱ ላይ ሶኮሎፊ ጨምር፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፣ መስመር የለውም፣ ለኤምቡና ጨዋ ነው። ሦስተኛው ራስቲ ይሁን፤ ወይን ጠጅና ቡናማ የተደባለቀበት ነው፣ እሱም ረጋ ያለ ነው። ሱቅ ውስጥ ኒዮን መብራት ስር ብዙ አያምርም፤ ቤት ገብቶ ሲጎለምስ ግን ሌላ ነው። ሦስቱም በቀለም አይገናኙም፤ ስለዚህ እርስ በርስ አይፈላለጉም። ሬድ ዚብራዎቹ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ከየሎ ላብ ጋር ግን ይዳቀላሉ። ጫጩቶቹን ንጹሕ ዘር ናቸው ብለህ ለሰው እንዳትሰጥ።

ዴማሶኒ ሱቅ ውስጥ ታያለህ፤ ትንሽ፣ ደማቅ ሰማያዊ፣ ባለ ጥቁር መስመር። ልብ ይሰርቃል። ግን እርስ በርሱ እስከ ሞት የሚጣላ ነው፤ 12 እና ከዚያ በላይ ካልሆነ አይያዝም። ሁለት ሦስት አድርገህ እንዳትገዛ።

ለገሃር 24

አንድ አማራጭ ልጨምር። ከዜሮ ለሚጀምር ሰው ሳውሎሲ ብቻውን ይበቃል። ወንዱ ሰማያዊ ባለ ጥቁር መስመር፣ ሴቷ ቢጫ። አንድ ዘር ሆኖ ሁለት ቀለም ይሰጥሃል። መገኛው ማላዊ ሐይቅ ውስጥ ታይዋን ሪፍ የሚባል ቦታ ነው፤ እኛ ታይዋን ገበያ እንዳለን ሁሉ። የሎ ላብ ካለህ ግን ሴቶቹ ቢጫ ስለሆኑ አትደባልቃቸው።

ለታች ደግሞ ሲኖዶንቲስ የሚባል ባለ ጢም ዓሣ አለ፤ ነጭ በጥቁር ነጥብ። ዘመዶቹ ባሮ ወንዝም ውስጥ አሉ። ማልቲፑንክታተስ የሚባለው ከታንጋኒካ ሐይቅ ነው፤ ጠንካራ ውሃ ይወዳል። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ኤምቡና አያሸንፈውም። ሦስት ሆነው ነው የሚደምቁት። መደበቂያ ካለው ቀን ላይም ይወጣል።

የባቡር ጡረተኛ

ስለ ድንጋዩ እኔ ልመልስ። ከደቻቱ ስታመጣ ከተማው መሃል ያለውን ተወው፤ ቆሻሻና የመኪና ዘይት ነው። ከከተማው በላይ ካለው ደረቅ አሸዋ ላይ ምረጥ። ጡብ የሚያህሉትን ውሰድ፣ ጠርዛቸው የለሰለሰውን። ዝገት የመሰለ ጅማት ያለበትን ጣል። ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ለነዚህ ዓሦች ይስማማል። ድንጋዩን ድስት ውስጥ እንዳትቀቅል፤ ውስጡ ውሃ ካለ ሊፈነዳ ይችላል። በብሩሽ ፈትገህ፣ የፈላ ውሃ ደፍተህበት፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ፀሐይ አልቸገረንም።

አደራደሩ ላይ ጊዜህን ስጥ። መጀመሪያ ጠጠሩን ወደ ጎን ግፋ። መስታወቱ ወለል ላይ ስስ ፎም አንጥፍ፤ ትልልቆቹን ድንጋዮች እሱ ላይ አስቀምጥ። ጠጠር ወይም አሸዋ መጨረሻ ላይ ነው በዙሪያው የሚፈሰው። ኤምቡና ይቆፍራል። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ሥሩ ሲቦረቦር ይንሸራተታል፤ ወይ ዓሣውን ይጨፈልቃል፣ ወይ መስታወቱን ይሰብራል። እያንዳንዱን ድንጋይ ስታስቀምጥ በጣትህ ገፋ አድርገህ ሞክር፤ ከተነቃነቀ አንሥተህ አዙረው። ወደ ላይ እየካብክ እስከ ውሃው ወገብ አልፈህ ሂድ። ቀዳዳ ሁሉ ሁለት በር ይኑረው። አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ለተባረረ ዓሣ ወጥመድ ነው። መሃሉን ደግሞ ባዶ ተውና ክምሩን ግራና ቀኝ ክፈለው፤ በአንዱ በኩል የነገሠ ሌላውን ማየት የለበትም። የልጆቹ መርከብ ይቆይ፤ ጉዳት የለውም።

አዲሶቹን የምታስገባው ድንጋዩን ባፈረስክበት ቀን ይሁን። ነባሮቹ «ይሄ የኔ ሰፈር ነው» የሚሉት ቦታ ሲጠፋባቸው ከአዲሶቹ ጋር እኩል ይጀምራሉ። ነባሮቹን መጀመሪያ አብላ፤ መብራቱን አጥፋ፤ አዲሶቹን ባንድ ጊዜ አስገባ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አሞኒያውን እየለካህ ምግብ ቆጥብ።

ፖሊስ መሬት

ሰላም። ኬንዪውን እኔ እወስደዋለሁ። ሴት ኬንዪዎች አሉኝ፤ ወንዱ ስለሞተ ወንድ እየፈለግኩ ነበር። ሌላ ዘር አብሬ አላኖርም። አውራተሱን ግን አልችልም።

በነገራችን ላይ እኔ ኦስካር ማርባት እፈልጋለሁ፤ በድሬ ውሃ ጭራሽ አይሆንም?

የባቡር ጡረተኛ

ይኖራል ልጄ፤ በጠንካራ ውሃም ብዙ ሰው አኑሮታል። ለብቻው ትልቅ አኳሪየም ስጠው እንጂ። ከማላዊዎቹ ጋር አታደባልቀው ነው ያልኩት።

ከጀጎል

አውራተሱን እኔ ልውሰደው። ባዶ አኳሪየም አለኝ፤ ብቻውን ይኖራል። ቅዳሜ ድሬ እወርዳለሁ።

የሳቢያን ልጅ

አቦ ኑሩልኝ! እንግዲህ ኬንዪው ወደ ፖሊስ መሬት፣ አውራተሱ ወደ ሐረር። ሦስት የሎ ላብ፣ አምስት ሶኮሎፊ፣ አራት ራስቲ፣ ትንንሾቹን፣ ከአዲስ አበባ ላዝዝ ነው። ሬድ ዚብራዎቹ ይቆያሉ። ሲኖዶንቲሱ ቆየት ብሎ። በአውቶቡስ ሲመጡ እንዳይሞቱብኝ ምን ልበል? ሲደርሱስ?

የከዚራዋ

ከሬድ ዚብራዎቹ ጋር 16 ይሆናሉ። ከጋሼ ቁጥር በአንድ ያልፋል፤ ትንንሽ ስለሆኑ ለጊዜው ችግር የለውም፤ ሲያድጉ ከወንዶቹ የተረፈውን ታወጣለህ። ሲኖዶንቲሱንም ያኔ አስብ።

ለሻጩ ከመላካቸው ቀን በፊት ምግብ እንዳይሰጥ ንገረው። ድርብ ፌስታል፣ ሲሶው ውሃ፣ የቀረው ኦክስጅን፤ ከዚያ ፎም ካርቶን ውስጥ። የጠዋት አውቶቡስ ይሁን፤ ካርቶኑ ኮፈኑ አጠገብ እንዳይቀመጥ ረዳቱን አደራ በል።

ሲደርሱ ፌስታሉን እንደታሰረ አኳሪየሙ ላይ አንሳፍፈው፣ ሙቀቱ እስኪመሳሰል። ከፈታኸው በኋላ ግን ብዙ አታቆያቸው። ፌስታሉ ታስሮ ሳለ የትንፋሻቸው ጋዝ ፒኤቹን ዝቅ ያደርገዋል፤ አሞኒያው ብዙም አይጎዳም። ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ አሞኒያው ይመርዛል። ስለዚህ በመረብ አንሥተህ አስገባቸውና የፌስታሉን ውሃ ድፋው፤ አኳሪየሙ ውስጥ አታፍስሰው። ኬንዪውንና አውራተሱን ሳታስወጣ ግን ትዕዛዙን እንዳትልክ።